ክሎሪን ወይስ ኦክስጅን? ስለ አንድ የብረት ኢንዛይም የተጻፈ የስድስት ገጽ ሙግት

በአንድ ሞለኪውል ጫፍ ላይ ሦስት ሃይድሮጅን ይዞ የተቀመጠን ካርቦን መንካት ለኬሚስት ከባድ ሥራ ነው። ትስስሩ ጠንካራ ነው፤ ተራ አሲድም ሆነ ቤዝ አያነቃንቀውም። የሚበጥሰው ብርቱ ነገር ቢገኝ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይከተላል። ያን ያህል ብርቱ የሆነ ነገር ሃይድሮጅኑን ከየትኛው ካርቦን ላይ እንደሚነጥቅ፣ በተነጠቀውም ቦታ ምን እንደሚተካ ማን ይወስንለታል? ብረት የያዙ ኢንዛይሞች ይህን ድርብ ምርጫ በተራ ሙቀት፣ በውኃ መካከል ያከናውኑታል። የት እንደሚነኩም ምን እንደሚተክሉም ለይተው ያውቃሉ።

ይህን ጉዳይ በአንድ ኢንዛይም ላይ አጥብቦ የመረመረ ጥናታዊ ጽሑፍ በ2009 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ ታትሟል (በዚህ ዳሰሳ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቀዳሚ ጸሐፊዋ ሜጋን ማቲውስ ናቸው። ከፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ቦሊንጀር፣ ካርስተን ክሬብስና ስኳየር ቡከር፣ ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ ክሪስቶፈር ዎልሽ ከጸሐፊዎቹ መካከል ይገኛሉ። የርዕሱ ፍሬ ነገር፣ ሲርቢ2 በተባለው ኢንዛይም ውስጥ ክሎሪን ይተከል ወይስ ሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) የሚለውን የሚቆጣጠረው የሰብስትሬቱ፣ ማለትም ኢንዛይሙ የሚሠራበት ሞለኪውል፣ አቀማመጥ ነው የሚል ነው። ገጾቹ ስድስት ብቻ ናቸው። አስተያየቴን ከወዲሁ ልናገር፦ የዚህ ጽሑፍ የሙከራ ንድፍ በዘርፉ ካነበብኳቸው ሁሉ ከላቁት አንዱ ነው፤ ርዕሱ ግን ከማስረጃው አንድ እርምጃ ቀድሞ ሄዷል።

ሲርቢ2 የሚገኘው ሱዶሞናስ ሲሪንጌ በተባለ፣ ዕፅዋትን በሚያጠቃ ባክቴሪያ ውስጥ ነው። ባክቴሪያው የሚያመርተው ሲሪንጎማይሲን ኢ የተባለ መርዝ የዕፅዋትን ሕዋስ ገለፈት ይበሳል። መርዙ ከተገነባባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ በጫፉ ላይ ክሎሪን የተተከለበት ትሪዮኒን ነው፤ ክሎሪኑን የሚተክለውም ሲርቢ2 ነው። ትሪዮኒኑ ለብቻው ተንሳፎ አይቀርብለትም። ሲርቢ1 በተባለ ተሸካሚ ፕሮቲን ላይ፣ በረጅም ሰንሰለት ጫፍ ታስሮ ይመጣል። ይህችን ዝርዝር አንባቢ ይያዛት፤ ኋላ ታስፈልገናለች።

ኢንዛይሙ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ አባል ነው። የዚህ ቤተሰብ ኢንዛይሞች በእኛም ሰውነት ውስጥ አሉ። የኮላጅንን ፕሮሊን የሚያሻሽለውና ቫይታሚን ሲ ሲጎድል ሥራው የሚሰናከለው ኢንዛይም አንዱ ነው። ሕዋሳት የኦክስጅን እጥረትን እንዲያውቁ የሚረዳው ሌላው ሲሆን፣ ሕዋስ ኦክስጅንን እንዴት እንደሚያውቅ የተደረገው ምርምር በ2019 የሕክምና ኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። የአብዛኞቹ ሥራ ተመሳሳይ ነው፤ ከካርቦን ላይ ሃይድሮጅን ነቅለው በምትኩ ሃይድሮክሲል ይተክላሉ። ብረቱን ሁለት ሂስቲዲኖችና አንድ አሲዳዊ አሚኖ አሲድ ከአንድ ወገን ይይዙታል። በሌላው ወገን አልፋ ኬቶግሉታሬት የተባለ ሞለኪውልና ኦክስጅን ይገባሉ። አልፋ ኬቶግሉታሬቱ ተሰብሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለቅ ብረቱ አንድ የኦክስጅን አቶም አጥብቆ ይይዛል፤ የኦክሲዴሽን ቁጥሩም ወደ አራት ከፍ ይላል። ፌሪል የሚባለው ይህ ነው፤ ሃይድሮጅን ነጣቂውም እሱ ነው። ፌሪልን በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞ ያሳየው በ2003 የቦሊንጀርና የክሬብስ ቡድን ራሱ ነው።

በሲርቢ2 ግን አሲዳዊው መያዣ የለም። በቦታው ያለችው አላኒን ብረት መያዝ የማትችል ትንሽ አሚኖ አሲድ ናት፤ በተፈጠረው ክፍት ቦታ የክሎሪን አዮን ገብቶ ብረቱ ላይ ይቀመጣል። ይህን በ2006 የካትሪን ድሬናንና የዎልሽ ቡድኖች በክሪስታል መዋቅር አሳይተዋል። አላኒኗን መልሶ በአሲዳዊ አሚኖ አሲድ መተካትም ኢንዛይሙን ሃይድሮክሲል ተካይ አላደረገውም፤ ክሎሪን መትከሉን አስቆመው እንጂ። ስለዚህ ክፍት ቦታ መኖሩ ብቻ ነገሩን አያስረዳም።

እንቆቅልሹ እንግዲህ ወዲህ ነው። ፌሪሉ ሃይድሮጅኑን ከነጠቀ በኋላ ብረቱ ሃይድሮክሲልም ክሎሪንም ይዞ ይገኛል። ከፊቱ ሃይድሮጅኑን ያጣና ተጓዳኝ የሚፈልግ የካርቦን ራዲካል አለ። ሃይድሮክሲል መስጠት የቤተሰቡ የቆየ ልማድ ነው። ታዲያ ሲርቢ2 ለትሪዮኒን ክሎሪንን የሚሰጠው ለምንድን ነው?

የማቲውስና የባልደረቦቻቸው መልስ ከኤሌክትሮኖች ይልቅ ስለ ቦታ ይናገራል። ትሪዮኒን በኢንዛይሙ ውስጥ ሲቀመጥ ሜቲል የሚባለው ባለ ሦስት ሃይድሮጅን ጫፉ ከኦክስጅኑ ራቅ፣ ወደ ክሎሪኑ ጠጋ ይላል ባይ ናቸው። መራቁ ዋጋ ያስከፍላል፤ የሃይድሮጅኑ ነጠቃ ይዘገያል። ነጠቃው ከተፈጸመ በኋላ ግን ለራዲካሉ የሚቀርበው ክሎሪን ነው። ኢንዛይሙ ፍጥነቱን ሰጥቶ መራጭነትን ይገዛል ማለት ነው። ይህ የጽሑፉ ማዕከላዊ ሐሳብ ሲሆን በጥቂት ቃል ብዙ ያስረዳል። ኢንዛይም ሁሉ ለፍጥነት የተሳለ መሣሪያ ነው ብሎ ለለመደ አንባቢ፣ ዝግታም የሥራው አካል ሊሆን ይችላል መባሉ ነገሩን በአዲስ ዓይን ያሳየዋል።

አወቃቀሩ የሚጀምረው ነባሩን ግንዛቤ በአክብሮት በማስቀመጥ ነው። ከዚህ ሥራ በፊት የነበረው ዘገባ በነዚህ ክሎሪን ተካዮች ዘንድ የሃይድሮክሲል መተከል ጨርሶ አይፎካከርም የሚል ነበር። ጸሐፊዎቹ ይህን አይነቅፉም፤ ይፈትኑታል። ኢንዛይሙን ሳይነኩ ሰብስትሬቱን ይለዋውጣሉ። ሦስት አሚኖ አሲዶች በተሸካሚው ፕሮቲን ላይ በየተራ ይታሰራሉ፤ አራት ካርቦን ያለው ትሪዮኒን፣ እንዲሁ አራት ካርቦን ኖሮት የትሪዮኒን ሃይድሮክሲል የሌለው አሚኖቡቲሪክ አሲድ፣ በመጨረሻም አምስት ካርቦን ያለው ኖርቫሊን። አሰላለፉ የታሰበበት ነው። ከትሪዮኒን በቀጥታ ወደ ኖርቫሊን ቢዘለል ሁለት ነገር በአንዴ ይለወጣል፤ ሃይድሮክሲሉ ይቀራል፣ ሰንሰለቱም ይረዝማል። አሚኖቡቲሪክ አሲድ በመካከል በመግባቱ አንዱን ለውጥ ከሌላው ለይቶ ማየት ይቻላል፤ በጠባዩም በሁለቱ መካከል ይወድቃል።

ኖርቫሊን ሲቀርብ ፌሪሉ የሚከስምበት ፍጥነት በትሪዮኒን ከታየው 130 እጥፍ ሆነ። ውጤቱም ተገለበጠ፤ በአምስተኛው ካርቦን ላይ በዋነኝነት የተተከለው ሃይድሮክሲል ነው። እዚህ ላይ ልብ ይሏል። የኖርቫሊን አምስተኛ ካርቦን ጫፍ ላይ ያለ ሜቲል ነው፤ አራተኛው በመካከል የሚገኝና ሁለት ሃይድሮጅን ብቻ የያዘ ነው። በትስስር ጥንካሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመበጠስ የሚቀለው የአራተኛው ነበር። ፌሪሉ ግን ጠንካራውን ነካ። ረጅሙ ሰንሰለት ጫፉን ወደ ኦክስጅኑ ገፋ አድርጎ ካቀረበለት ይህ ምርጫ ይገባናል፤ አለዚያ ለመረዳት ያዳግታል።

የጽሑፉ ልብ ያለው ግን በዲዩተሪየሙ ሙከራ ላይ ነው፤ ዝግ ብሎ ሊነበብ ይገባዋል። ዲዩተሪየም በኒውክሊየሱ ውስጥ አንድ ኒውትሮን የታከለበት ሃይድሮጅን ነው። መጠኑና ትስስሩ እንደ ተራው ሃይድሮጅን ሲሆን ክብደቱ እጥፍ ነው። በክብደቱ የተነሳ ከካርቦን ላይ ለመንጠቅ ያስቸግራል፤ በዚህ የኢንዛይም ቤተሰብ መዘግየቱ በአሥሮች እጥፍ ሊቆጠር ይችላል። ተመራማሪዎቹ በኖርቫሊኑ አምስተኛ ካርቦን ላይ ያሉትን ሃይድሮጅኖች በዲዩተሪየም ተኩ። የሞለኪውሉ ቅርጽ አልተለወጠም፤ ርዝመቱም ያው ነው። በኢንዛይሙ ጉያ ውስጥ አቀማመጡን እንዲቀይር የሚያስገድደው ነገር የለም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፌሪሉ አምስተኛውን ካርቦን ለመንካት ሲሞክር ይዘገያል። እሱ ሲዘገይ ለአራተኛው ካርቦን ዕድል ተከፈተ። ነጠቃው ወደ አራተኛው ዞረ፤ በዚያ የተተከለውም በዋነኝነት ክሎሪን ሆነ። የሦስት ኒውትሮን ጭማሪ ሁለቱን ምርጫዎች፣ የት የሚለውንም ምን የሚለውንም፣ አብሮ ገለበጠ።

ይህ ሙከራ ለምን ይደነቃል? ሰብስትሬትን መለወጥ ሁልጊዜ የሚታማበት ነገር አለው። አንድ ካርቦን ሲጨመር ርዝመት ብቻ ሳይሆን ክብደት፣ መተጣጠፍ፣ ከፕሮቲኑ ግድግዳ ጋር ያለው ንክኪ ሁሉ አብሮ ይለወጣል፤ ተቺ ጣቱን የሚያሳርፍበት አያጣም። ዲዩተሪየም ይህን አፍ ይዘጋል። በአንድ ሞለኪውል፣ በአንድ አቀማመጥ፣ በአንድ ኢንዛይም ውስጥ ሁለት ካርቦኖች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ሃይድሮክሲል፣ ሌላው ክሎሪን ይቀበላል። ፌሪሉም ብረቱም ያው ነው። ልዩነቱ ካርቦኖቹ ያሉበት ቦታ ብቻ ይመስላል።

ተጠራጣሪ ግን አንድ ውኃ የሚያነሳ ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል፦ በመካከል ያለ ካርቦን ሲነጠቅ የሚፈጠረው ራዲካል ከጫፍ ካርቦን ራዲካል የተለየ ባሕርይ አለው፤ ክሎሪንን የመረጠው በቦታው ሳይሆን በባሕርዩ ቢሆንስ? መልሱ እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ነው። የትሪዮኒን አራተኛ ካርቦን እንደ ኖርቫሊን አምስተኛ ካርቦን ሁሉ ጫፍ ላይ ያለ ሜቲል ነው፤ ክሎሪን ግን ያገኛል። እንግዲህ ጫፍም ይሁን መካከል፣ በአራተኛው ቦታ የሚያደላው ክሎሪን ነው፤ በአምስተኛው ሃይድሮክሲል። ጸሐፊዎቹ በአህጽሮታቸው ላይ፣ በተፈጥሯዊው ሰብስትሬት ላይ እንደሚሆነው ሁሉ፣ በሚል አንዲት ሐረግ ይህን ነክተው ያልፋሉ። እኔ ብሆን ሙሉ አንቀጽ እሰጠው ነበር። የሙግቱ ምሰሶ የሆነ ንጽጽር በሐረግ ሲታለፍ፣ ከዘርፉ ውጭ ያለ አንባቢ ሳያየው ያልፋል፤ የዘርፉ ሰው እንኳ በሁለተኛው ንባብ ነው የሚያገኘው።

ይህ ወደ ቋንቋው ያመጣኛል። አጻጻፉ ቁጥብ ነው፤ ቅጽል አያበዛም፣ ግኝቱን አያሞግስም። ለቀረበው ነገር ሁሉ ማስረጃው ከጎኑ ነው። ፈሳሾቹን በቅጽበት ቀላቅለው በብርሃን መምጠጥ የፌሪሉን መምጣትና መሄድ የተከታተሉበትን መረጃ፣ በማስ ስፔክትሮሜትሪ የለዩአቸውን ውጤቶች እርስ በርስ እያመሳከሩ ይሄዳሉ፤ ፍጥነቱ የሚለውን የመጨረሻው ውጤት ይደግመዋል። ሁለት የተለያዩ ምስክሮች አንድ ቃል ሲናገሩ የሚገኘው እምነት በዚህ ጽሑፍ በግልጽ ይሰማል። ጥግግቱ ግን አንዳንድ ቦታ ልክ አልፏል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰብስትሬት፣ ሁለት ዓይነት የዲዩተሪየም አተካክና የእያንዳንዱ ውጤት ሲጨናነቁ አንባቢው ወረቀት አውጥቶ ሠንጠረዥ ለመሥራት ይገደዳል። ለስድስት ገጽ ጽሑፍ ይህ የሚጠበቅ ነው ቢባልም ሐሳቡ ከዚህ የተሻለ አየር ይገባው ነበር።

ዋናው ቅሬታዬ ስለ ማስረጃውና ስለ ርዕሱ ርቀት ነው። አቀማመጥ ይቆጣጠራል ሲባል አንባቢ አቀማመጡ ታይቷል ብሎ ይጠብቃል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ግን በቀጥታ ያየው የለም። የ2006ቱ ክሪስታል ተሸካሚውን ፕሮቲንም በላዩ የታሰረውን ትሪዮኒንም አልያዘም። ሰብስትሬቱ በረጅም ሰንሰለት ጫፍ ታስሮ የሚመጣ መሆኑ እዚህ ላይ ይከብዳል፤ የት ደርሶ እንደሚቆም ከባዶ ኢንዛይም ምስል ማንበብ አይቻልም። ስለዚህ አቀማመጡ ከውጤቱ ተገመተ፤ ከዚያ ለውጤቱ ምክንያት ሆኖ ቀረበ። የዲዩተሪየሙ ሙከራ ይህን ክብ በአብዛኛው ይሰብረዋል፤ ግን ርቀትን ከማዕዘን አይለይም። የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስሩ ከብረትና ከኦክስጅኑ መስመር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከርቀቱ እኩል ሚና ሊኖረው ይችላል። ጽሑፉ በውስጡ ውጤቱ ከአቀማመጡ ጋር ይጣጣማል የሚል ጥንቁቅ አገላለጽ አለው፤ ርዕሱ ያን ጥንቃቄ ጥሎታል።

ሌላም አለ። ኢንዛይሙ ፍጥነቱን ለመራጭነት ሠዋ የሚለው አገላለጽ የዝግመተ ለውጥ ታሪክን ያስታውሳል፤ ከዚህ በፊት ፈጣን የነበረ፣ ኋላ ዝግታን የመረጠ ኢንዛይም እንደነበረ ያህል። የታየው ግን የዛሬው ኢንዛይም ጠባይ ነው። ፍጥነትና መራጭነት በዚህ ኢንዛይም ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚሄዱ ጽሑፉ አሳይቷል፤ አንዱ ለሌላው ሲባል መተዉን ግን አላሳየም። የጎደለው ይህ ነው የምለው ሥራውን ለማሳነስ አይደለም። በጥቂት ቃላት የሚስተካከል ነገር ስለሆነ ነው።

ፍርዱ ፍትሐዊ እንዲሆን ከዚያ ወዲህ የሆነውንም ማየት ያስፈልጋል። በ2013 የስታንፎርዱ ኤድዋርድ ሶሎሞን ቡድን ከፔንሲልቬንያዎቹ ጋር ሆኖ የፌሪሉን ጂኦሜትሪ በብረቱ ንዝረት አጥንቶ በኔቸር መጽሔት ላይ አወጣ፤ የኦክስጅኑ አቅጣጫ ከሰብስትሬቱ አንጻር ምርጫውን እንደሚነካ በማሳየት ማዕዘንን ወደ መድረኩ አመጣ። በ2015 ደግሞ እነ ቦሊንጀር፣ ክሬብስና አሌክሲ ሲላኮቭ በኦክስጅን ፈንታ ናይትሪክ ኦክሳይድ ብረቱ ላይ አስቀምጠው፣ በኤሌክትሮን ስፒን መለኪያ ሰብስትሬቱ ላይ ያሉት ዲዩተሪየሞች ከብረቱ ምን ያህል እንደሚርቁና በየት አቅጣጫ እንዳሉ ለኩ። አቀማመጥና ውጤት አብረው እንደሚሄዱ ልኬቱ አረጋገጠ። የ2009ኙ ርዕስ የተበደረው ከስድስት ዓመት በኋላ በዚያው ቡድን እጅ ተከፈለ፤ ጸሐፊዎቹ የራሳቸውን ግምት ራሳቸው ለፈተና ማቅረባቸው ለምርምር ያላቸውን ታማኝነት ያሳያል።

ሐሳቡ ለሁሉም ኢንዛይም እንዲሁ እንደማይሠራም ታይቷል። ዌልኦ5 የተባለው፣ ከሳይኖባክቴሪያ የተገኘና ተሸካሚ ፕሮቲን የማይፈልግ ክሎሪን ተካይ በ2016 ከሰብስትሬቱ ጋር በክሪስታል ታየ። በዚያ ኢንዛይም ዋናው ነገር የኦክስጅኑ ቦታ መቀየር ነው፤ ኦክስጅኑን ወደ ጎን የሚይዘው ሴሪን 189 የተባለው አሚኖ አሲድ በአላኒን ሲተካ መራጭነቱ ይላላል፣ ሃይድሮክሲልም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ አንጻራዊ ቦታ ቁም ነገር ነው የሚለው ይጸናል፤ የሚንቀሳቀሰው ግን ሁልጊዜ ሰብስትሬቱ አይደለም። የማቲውስ ጽሑፍ በርዕሱ ሲርቢ2ን ብቻ መጥራቱ እዚህ ላይ ይመሰገናል፤ ከአንድ ኢንዛይም ተነስቶ ለቤተሰቡ ሁሉ ሕግ አላወጣም።

ፍሬውም በዚያ አልቆመም። በ2014 ማቲውስና ባልደረቦቻቸው ሲርቢ2 በክሎሪን ቦታ አዛይድ ወይም ናይትራይት ሲቀርብለት እነዚህን ካርቦን ላይ እንደሚተክል አሳይተዋል። ካርቦንና ናይትሮጅንን በዚህ መንገድ በቀጥታ ማገናኘት ለመድኃኒት ኬሚስትሪ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ኢንዛይሙ ከኦክስጅን ሌላ ነገር እንዲሰጥ የሚያደርገው ምን እንደሆነ መረዳቱ ደግሞ ለዚያ መንገድ የጠረገ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለሙከራ ንድፉ ስል ለማንኛውም የባዮኬሚስትሪ ተማሪ እሰጣለሁ፤ የምሰጠው ግን ከ2015ቱ ልኬት ጋር አጣምሬ ነው። ተማሪው መጀመሪያ የኖርቫሊኑንና የዲዩተሪየሙን ውጤት ብቻ አይቶ አቀማመጡን ራሱ ይገምት፤ ርዕሱን የሚደግፍለት ምን ያህል ማስረጃ እንዳለ ይጻፍ፤ ከዚያ ልኬቱን ይክፈት።